የብብት ላብ፦ ቅባቱ ወይስ መርፌው?

ገና ከጠዋቱ ሸሚዙ በብብቱ በኩል ለሚርስበት ሰው ተራ ዲኦዶራንት ብዙም አይፈይድም። ሽታውን ይሸፍናል እንጂ ላቡን አያቆምም። ሐኪም ጋ ሲኬድ ቶሎ የሚነሱት አሉሚኒየም ክሎራይድ የተባለው ቅባት እና የቦቶክስ መርፌ ናቸው።

አሉሚኒየም ክሎራይድ የላብ ቱቦውን አፍ ይደፍናል። ማታ ይቀባል፣ ጠዋት ይታጠባል። ዋጋው ቀላል ነው፤ ችግሩ ማቃጠሉ ነው። በተለይ እርጥብ ወይም ገና የተላጨ ብብት ላይ ሲቀቡት አይጣል ነው! ብዙ ሰው የሚያቋርጠውም ለዚህ ነው።

ቦቶክስ ደግሞ ነርቩ ለላብ ዕጢው የሚልከውን ትእዛዝ ያግዳል። ሐኪሙ መጀመሪያ አዮዲን ቀብቶ ስታርች የተባለ ዱቄት ሊነሰንስበት ይችላል፤ የሚያልበው ቦታ ጠቁሮ ይወጣል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ብብት 50 ዩኒት ገደማ፣ ከ10 እስከ 15 ቦታ ተከፋፍሎ፣ በቀጭን መርፌ ቆዳው ውስጥ ይወጋል። ቆንጠጥ ያደርጋል እንጂ የሚያስፈራ አይደለም። ለውጡ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይታያል፣ ብዙ ጊዜም ለ6 ወር ያህል ይቆያል። ከዚያ እንደገና መወጋት፣ እንደገና መክፈል ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ቅባቱ ይቅደም፤ ግን በደንብ በደረቀ ብብት ላይ፣ ለጥቂት ሳምንታት ሳያቋርጡ። እምቢ ካለ ወይም ቆዳ ካቆሰለ መርፌው ገንዘቡን ያወጣል። ነፍሰ ጡሮችና የነርቭና ጡንቻ ሕመም ያለባቸው ግን ቦቶክስን ይለፉት። ላቡ በቅርቡ ድንገት የጀመረ ወይም ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ይቆዩ፤ መጀመሪያ ምርመራ።