ለረቂቅ የሕንፃ አዋጅ አስተያየት፦ በጽሑፍ ወይስ በመድረክ?

ረቂቁ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ ለቋሚ ኮሚቴ ሲመራ፣ መሐንዲሱ ሐሳቡን በደብዳቤ ያስገባ ወይስ በአስተያየት መድረክ ይናገር?

ድካም፦ ጽሑፉ ጊዜ ይበላል። አንቀጽ በአንቀጽ «ያለው፣ የሚተካው፣ ምክንያቱ» ተብሎ ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ለመድረኩ አንድ ነጥብ ይበቃል።

ትክክለኛነት፦ ቁጥር ያለበት ጉዳይ የጽሑፍ ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ሕንፃ ከሦስቱ የሕንፃ ምድቦች የመጨረሻው በሆነው ምድብ «ሐ» ውስጥ አስገብቶ ነበር። ይህን መሰል ወሰን ለማስለወጥ ተዳፋት ላይ ልኬቱ ከላይኛው ጎን ይጀምር ወይስ ከታችኛው፣ በቃላት መቀመጥ አለበት። በአፍ ከተነገረ ቃለ ጉባኤው ላይ «ከፍታው ይታይ» ሆኖ ይቀራል።

አደጋ፦ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ሊያድር ይችላል፤ የገቢ ቁጥሩን ይዞ የኮሚቴውን ባለሙያ መከታተል ነው። መድረክ ላይ ደግሞ ንግግሩን በሙያ ክፍያ የጀመረ ሰው ለኪሱ የመጣ ይመስላል፤ የደኅንነቱን ጉዳይ ያስቀድም።

የቃላትና የልኬት ማስተካከያ ከሆነ ጽሑፍ ይሻላል። የአንቀጹ ዓላማ ራሱ ከተሳተ መድረክ፣ ያውም አንድ ገጽ ማጠቃለያ አስይዞ። ረቂቁ ሊጸድቅ ከተቃረበ ግን ለሁለቱም ዘግይቷል፤ ቀሪው በር ማስፈጸሚያ መመሪያው ነው፤ በፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት መመሪያውን የሚያወጣው ተቋም በመመሪያው ረቂቅ ላይ አስተያየት መቀበል አለበት።