ኡቡንቱ፣ ሚንት ወይስ ደቢያን? በሦስት ኮምፒውተሮች ላይ ያየሁት የስድስት ወር ልምድ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ሲያበቃ፣ ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ባለችው ጽሕፈት ቤቴ የምሠራበት ዴስክቶፕ ዊንዶውስ 11ን መጫን ስለማይችል በነጻ ወደሚገኘው የኮምፒውተር ማስኬጃ ሲስተም ወደ ሊኑክስ ዞርኩ፤ በዚያው ሰሞን የእኅቴን ልጅ ላፕቶፕና የአባቴን አሮጌ ኮምፒውተርም ቀየርኩ። ኡቡንቱ፣ ሚንትና ደቢያን የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው፤ ኡቡንቱ ከደቢያን፣ ሚንት ደግሞ ከኡቡንቱ የወጡ በመሆናቸው ሦስቱ ሲስተሞች ቤተ ዘመድ ናቸው፤ ሆኖም ለአንዱ የተስማማው ለሌላው አልሆነም።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የጫንኩት ኡቡንቱ 24.04ን ነበር። ማሽኑ 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ስላለው ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ፋየርፎክስ እስኪከፈት እጠብቅ ነበር፤ ስናፕ በሚባለው የኡቡንቱ የፕሮግራም ማከፋፈያ የሚመጡት ፕሮግራሞች በራሳቸው ጊዜ ሲታደሱም ከስልኬ የማጋራውን ዳታ ይጨርሱብኝ ነበር። ሚንት 22ን ኤክስኤፍሲኢ ከሚባለው ቀላል የዴስክቶፕ ገጽታ ጋር ከጫንኩ ወዲህ ሁለቱም ችግሮች ቀርተዋል፤ ሚንት ስናፕን አያካትትም፣ ማሻሻያውንም እኔ ስፈቅድ ብቻ ያወርዳል።

ለእኛ ሥራ ትልቁ ፈተና ግን አማርኛው ነው። አይባስ በሚባለው መሣሪያ አማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ የፊደላቱ አቀማመጥ ከለመድኩት ስለሚለይ ግን እጄ እስኪለምድ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። አንዲት እናት የቤት ኪራይ ውል በፍላሽ ይዘው መጥተው በሊብሬ ኦፊስ (የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም) ስከፍተው፣ ዛሬ የጋራ በሆነው የፊደላት መለያ ሥርዓት በዩኒኮድ ያልተሠራ የድሮ ፎንት ስለነበረ ገጹ በላቲን ፊደላት ዝብርቅ ተሞልቶ ወጣ። የፎንቱን ፋይል አግኝቼ ስጭነው «አከራይ» እና «ተከራይ» የሚሉት ቃላት ወዲያው ተነበቡ። ስለዚህ የጽሕፈት ቤት ባለቤቶች ዊንዶውስን ከማጥፋታችሁ በፊት የፎንት ማኅደራችሁን በፍላሽ ገልብጡ።

ፖሊ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) የሚማረው የእኅቴ ልጅ ላፕቶፑ 8 ጊጋባይት ራም ስላለው ኡቡንቱ ላይ ቀርቷል። ለትምህርቱ የሚያስፈልጉት ፕሮግራሞች የአጫጫን መመሪያ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ለኡቡንቱ ነውና ምርጫው ትክክል ይመስለኛል። ሚንት 22 የተሠራው በዚሁ 24.04 ላይ በመሆኑ፣ እርሱ ግቢ ውስጥ አፕት-ጌት በሚባለው የፕሮግራም ማውረጃ ትዕዛዝ ያወረዳቸውን ብዙዎቹን ፓኬጆች (የፕሮግራም መጫኛ ፋይሎች) በፍላሽ ወስጄ እጭናለሁ።

የዕድር ጸሐፊ ለሆነው አባቴ ደቢያን 12ን መረጥኩ። ማሽኑ ባለ 32 ቢት (የድሮ ዓይነት ፕሮሰሰር ያለው) ሲሆን፣ ደቢያን 13 ለዚህ ዓይነት ኮምፒውተር መጫኛ አላዘጋጀም። የአባላቱን ዝርዝር ያለ ችግር ይጽፍበታል፤ የደቢያን 12 ድጋፍ ሲያበቃ ግን የሚቀየረው ሲስተሙ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ስለሆነ፣ ከአሁኑ ባለ 64 ቢት ያገለገለ ማሽን እየፈለግሁለት ነው።