የዴንሶ ኢሪዲየም ካንዴላ፦ በቤት ለሚቀይሩ
ባለ 1.8 ሊትር ቶዮታ ኮሮላዬ ሚኒሞ ላይ (ቆማ ሞተሯ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) መንቀጥቀጥ ስለጀመረች፣ ከሶማሌ ተራ አራት የዴንሶ ኢሪዲየም ካንዴላዎች (ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥሉ፣ ጫፋቸው ኢሪዲየም ከተባለ ብረት የተሠራ) ገዝቼ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ቀየርኳቸው። ዋጋው ከተራው ካንዴላ ቢበልጥም ዕድሜው እጅግ ስለሚረዝም ተገቢ ነው እላለሁ። ቀደም ሲል ከአንድ ሱቅ የገዛሁት አስመስሎ የተሠራ ካንዴላ በጥቂት ወራት ስለተበላሸብኝ፣ አሁን የመጠምዘዣ ጥርሱን ጥራትና የጽሑፉን ግልጽነት አንድ በአንድ መርምሬ ነው የወሰድኩት፤ ሌሎችም እንዲሁ እንዲያደርጉ አጥብቄ እመክራለሁ። ብልጭታው የሚዘልበት የጫፉ ክፍተት ከፋብሪካ በ1.1 ሚሊ ሜትር ተስተካክሎ ስለሚመጣ መነካት የለበትም፤ የኢሪዲየሙ ጫፍ ቀጭንና በቀላሉ የሚሰበር ነውና። ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ኮይሎቹን (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጡትን) ነቅዬ፣ የአሉሚኒየሙ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጥርስ እንዳይበላ እያንዳንዱን አዲስ ካንዴላ መጀመሪያ በእጅ አሽከርክሬ፣ ከዚያም በ14 ቁጥር የካንዴላ መፍቻ ሳላበዛ አጠበቅሁት። መንቀጥቀጡ በዚያው ዕለት ጠፋ።