የቮልስ ወለል ሲዝግ፦ መለጠፍ ወይስ ግማሹን መቀየር?

በአሮጌ ቮልስዋገን ቢትል ላይ ዝገት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የኋላ መቀመጫውን ማንሳት አለበት። ባትሪው በስተቀኝ ከመቀመጫው ሥር ስለሚቀመጥ፣ የሚፈሰው አሲድ ቀለሙን እየላጠ ላሜራውን ከላይ ይበላዋል፤ ከታች ደግሞ ጭቃና እርጥበት ያግዙታል። ምንጣፉን ገልጦ በካቻቪቴ ጫፍ ጫን ማድረግ በቂ ምርመራ ነው፤ ጤነኛው ላሜራ አይበገርም፣ የበሰበሰው ግን እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል።

ቀዳዳው ከመዳፍ ካልበለጠና ዙሪያው ጤነኛ ከሆነ፣ የዛገውን ቆርጦ አውጥቶ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ላሜራ መበየድ ርካሽም ፈጣንም ነው። ሳይቆረጥ በዝገቱ ላይ የተደረበ ልጣፍ ግን በሁለቱ ላሜራዎች መካከል ውሃ እየያዘ መበላቱን ያፋጥነዋል። በስቱኮ የተሸፈነውንማ ጥገና ብሎ መጥራት ይከብዳል፤ ለገዢ የተዘጋጀ ወጥመድ ነው።

ዝገቱ የፊት መቀመጫው ሐዲድ ወደተበየደበት ቦታ ወይም ቦዲው በብሎን ወደሚታሰርበት ጠርዝ ከደረሰ፣ ወጪውና ድካሙ ቢበዛም ግማሹን ወለል (የግራውን ወይም የቀኙን ጎን) ሙሉ በሙሉ መቀየር እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ የሚለጠፍ ላሜራ የሚበየድበት ጤነኛ ብረት አያገኝም። ይህ ሥራ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የነዳጅ ቧንቧው በወለሉ መሃል ባለው ዋሻ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ ብየዳው ከመጀመሩ በፊት ነዳጁ ተንጠፍጥፎ መውጣት፣ ባትሪውም መውጣት ይኖርበታል። ባትሪው ሲመለስ መክደኛውን መርሳት አይገባም፤ የመቀመጫው ሞላ ከባትሪው ጫፍ ጋር ከተነካካ እሳት ያስነሳል።