ሊስተር 6/1፦ በእጅ የሚነሳው የናፍጣ ሞተር

እንግሊዝ አገር ደርስሊ ከተማ ይመረት የነበረውና ዝርያው እ.ኤ.አ. በ1929 ለገበያ የቀረበው ሊስተር፣ አሮጌ ሞተር ለሚሰበስብ ሰው ቀዳሚ ምርጫ ነው እላለሁ። ባለ 6 ፈረስ ጉልበቱ ነጠላ ሲሊንደር በደቂቃ 650 ዙር ብቻ ስለሚዞር እያንዳንዱ ምት ለብቻው ይሰማል፤ ወፍጮ ቤት አጠገብ ያደገ ሰው ድምፁን ወዲያው ይለየዋል።

አደጋው ያለው አነሳሱ ላይ ነው። ቫልቩ (የሲሊንደሩ ጭስ መውጫ ክዳን) ክፍት ተይዞ፣ ዘንጉ ላይ የተገጠሙት ከባድ ጎማ መሰል መዘውሮች ፍጥነት እስኪያገኙ በእጀታ ይዞራሉ፤ ቫልቩ ተዘግቶ ሞተሩ ሲነሳ ግን የተበላ እጀታ ከዘንጉ አልላቀቅ ብሎ አብሮ በመሽከርከር ክንድ ሊሰብር ይችላል። ነጠላም ሆነ ሰፊ እጅጌ ያለው ልብስ መዘውሩ አጠገብ ፈጽሞ አይለበስም። መዘውሩ ከዘንጉ ጋር በሚያያዝበት ሽብልቅ ዙሪያ ስንጥቅ ያለበትን ሞተር፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ለማንም አልመክርም።