ዋል-ኦ-ማት፦ ለፓርቲ ምርጫ ጎበዝ፣ ለሰው ምርጫ ግን ባዶ

የጀርመን ዜግነት ያገኘ ሐበሻ ምርጫ ሲደርስ «ለማን ልስጥ?» ማለቱ አይቀርም። ጀርመኖቹም ያው ናቸው። ለዚህ ነው ምርጫ በመጣ ቁጥር ዋል-ኦ-ማት የሚባለውን የኢንተርኔት መጠይቅ የሚከፍቱት። ከ2002 ጀምሮ አለ። የሚያዘጋጀው የመንግሥት የሲቪክ ትምህርት መሥሪያ ቤት ነው። ክፍያ የለውም፤ ተመዝገቡም አይልም።

እኔ የተጠቀምኩበት ለፌብሯሪ 23፣ 2025 የፓርላማ ምርጫ ነው። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፤ የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ። ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ ባቡር ውስጥ ጀምሬ ቤቴ ሳልደርስ ጨረስኩት።

38 አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይመጡላችኋል። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ እስከ 2026 ድረስ 15 ዩሮ ይግባ። አዲስ ተከራይ ሲገባ የኪራይ ጣሪያው ይቀጥል። በሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር በኩል የመጣ ጥገኝነት ጠያቂ ከድንበር ይመለስ። እናንተ እስማማለሁ፣ ገለልተኛ ወይም አልስማማም ትላላችሁ። መጨረሻ ላይ ከየትኛው ፓርቲ ጋር ስንት በመቶ እንደምትገጥሙ ያሳያችኋል። በዚያ ምርጫ 29 ፓርቲ ነበረበት፤ ከግማሽ በላዩን ስሙን እንኳ ሰምቼው አላውቅም።

ጥያቄዎቹን የሚያወጡት ወጣት መራጮች ከባለሙያዎች ጋር ሆነው ነው። ጀርመንኛው ቀላል በመሆኑም ያስታውቃል። ከመሥሪያ ቤት የሚላክልን ደብዳቤ እንዲህ ቢጻፍ ስንት ራስ ምታት በቀረልን ነበር።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። «ገለልተኛ» ማለት «አላውቅም» ማለት አይደለም፤ እንደ አቋም ተቆጥሮ ነጥብ ይሰጣል። ያልገባችሁን ዝለሉት፤ የተዘለለው አይቆጠርም። ሌላው፣ የሚያንገበግባችሁን ጉዳይ ሁለት እጥፍ ማስቆጠር ይቻላል። እኔ የቤት ኪራይን እና የሰዓት ክፍያን ስመርጥ አንደኛ የነበረው ፓርቲ ሦስተኛ ወረደ።

መቶኛውን ግን አታምልኩት። በ71 እና በ68 መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ጥያቄ ብዙም አይበልጥም። አዘጋጆቹ ራሳቸው ይህ «እገሌን ምረጡ» ማለት አይደለም ይላሉ። ለእኔ ትልቁ ጥቅም ከውጤቱ በኋላ ያለው ነው። እያንዳንዱ ፓርቲ ለምን እንደተስማማ ወይም እንደተቃወመ በራሱ ቃል ጽፏል። ሁለት ፓርቲዎች «እስማማለሁ» ያሉበትን ጉዳይ ከፍታችሁ ምክንያታቸውን አንብቡ። አንዱ ሠራተኛውን አስቦ፣ ሌላው አሠሪውን አስቦ ሊሆን ይችላል። እኔ የወሰንኩት እዚያ ጋ ነው።

የሚነበበው የፓርቲው ቃል ነው እንጂ ሥራው አይደለም። ፓርላማ ውስጥ በእውነት እጁን ያወጣው ለምን እንደነበር ማየት ለሚፈልግ ሪያል-ኦ-ማት የሚባል ሌላ መሣሪያ ወጥቷል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የምርጫ ወረቀቱ ሁለት ዓምድ አለው። በግራ በኩል የአካባቢያችሁን እጩ ትመርጣላችሁ፣ በቀኝ በኩል ፓርቲ። ዋል-ኦ-ማት የሚያግዘው ለቀኙ ብቻ ነው። «የግራው ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ፤ ምክንያት አላቸው። አዲሱ ሕግ ወንበር የሚያከፋፍለው በፓርቲ ድምፅ ልክ ስለሆነ በ2025 በየአካባቢያቸው ካሸነፉት 23ቱ ፓርላማ አልገቡም፤ የፍራንክፈርት ሁለቱም አሸናፊዎች ከነሱ ውስጥ ናቸው። እኔ ግን ስሙን ብቻ ለማውቀው ሰው ምልክት ማድረግ አልወድም። ስለዚህ አብጌኦርድኔተንቫች የሚባል ድረ ገጽ ላይ ገባሁ። እዚያ ማንም ሰው እጩን በግልጽ መጠየቅ ይችላል፤ መልሱም ለሁሉም ይታያል። ከውጭ የመጣ የነርስ ዲፕሎማ እውቅና ለማግኘት ለምን ይህን ያህል እንደሚጓተት ጠየቅሁ። አንዱ እጩ በዝርዝር መለሰልኝ። ሌላዋ ዝም አለች። የግራው ዓምድ በዚሁ አለቀልኝ።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ።

ስልክ የማይቀናቸው ትልልቅ ሰዎች ካሏችሁ አብራችኋቸው ሥሩት፤ ግን ጊዜ ያዙ። ከቅዳሴ በኋላ አንድ ጋሼን አስቀምጬ እያነበብኩላቸው እሳቸው «ለኢትዮጵያ የሚበጀው የትኛው ነው?» ይሉኛል። «ጋሼ፣ እሱን አይጠይቅም» ብላቸው «ታዲያ ምኑን ጠየቀ!» አሉ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጋር ተሟገቱ፤ ስለ ዩክሬን ብቻ አንድ ሲኒ ቡና አለቀ። ውጤቱ ሊመጣ ሲል ስልኩን ከእጄ ወሰዱና «በይ ዞር በይ፣ ድምፅ ምስጢር ነው» አሉኝ።