ለነዳጅ ፓምፕ ምርመራ ዲሲ ክላምፕ ሜትር፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ፓምፕ አልሠራ ሲል በብዙ ጋራዥ የመጀመሪያው ፍርድ «ፓምፑ ሞቷል» ነው። አዲስ ተገዝቶ ይገባል፣ መኪናው ግን አሁንም አይነሳም፤ ፓምፑ መጀመሪያውኑ ኮረንቲ አልደረሰውምና። ይህ ሜትር፣ ገመድ ዙሪያ እንደ መቆንጠጫ ተዘግቶ ኮረንቲ የሚለካው፣ ዋጋውን ያወጣው እዚህ ላይ ነው። ገመድ ሳይቆረጥ፣ ታንክ ሳይከፈት፣ ፓምፑ ስንት አምፔር እንደሚስብ ያሳያል።

በእጅ መዳፍ የሚያዝ ትንሽ ዓይነት ነው። ዲሲ (የባትሪ ዓይነት ኮረንቲ) እስከ 100 አምፔር ይለካል፤ ቮልት፣ ኦም እና የሚጮህ የገመድ ፍተሻም አለው። ሲገዙ መጠንቀቅ ያለብዎት አንድ ነገር አለ፦ ርካሽ ከሆኑት ክላምፖች ብዙዎቹ የሚለኩት የኤሲ (የቤት መስመር ኮረንቲ) አምፔር ብቻ ነው። ለቤት መብራት ይሆናሉ፣ ለመኪና ግን ምንም አይጠቅሙም። የአምፔሩ ምልክት አጠገብ ሞገድ ብቻ ካለ ይተዉት፤ ቀጥ ያለ መስመርና ከሥሩ የተቆራረጠ መስመር ካለው፣ ዜሮ ማድረጊያ ቁልፍም ካለው፣ የሚፈልጉት እሱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የፓምፑን ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኮረንቲ ታዞ የፓምፑን መስመር የሚያገናኘውን ማብሪያ፣ ይንቀሉ። ኮይሉ ትእዛዙን የሚቀበለው ጥቅል ሽቦ፣ ኮንታክቱ ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ኮረንቲ የሚያገናኘው ክፍል ነው። ብዙ የቶዮታ ሪሌዎች ላይ 1 እና 2 የኮይሉ፣ 3 እና 5 የኮንታክቱ እግሮች ናቸው፤ በአውሮፓ መኪኖች ደግሞ ኮይሉ 85 እና 86፣ ኮንታክቱ 30 እና 87 ነው። ቁልፉን ኦን አድርገው በኮንታክቱ መግቢያ ቀዳዳና በቦዲው መካከል 21 ዋት የፍሬን አምፖል ያገናኙ። ካልበራ ችግሩ ከሪሌው በፊት ነው፦ ፊውዝ፣ ዋናው ሪሌ ወይም ቁልፉ ራሱ። ደምቆ ከበራ 15 አምፔር ፊውዝ ባለው አጭር ገመድ ሁለቱን የኮንታክት ቀዳዳዎች ያገናኙና ክላምፑን በዚያው ገመድ ላይ ይዝጉ።

ቁጥሩ ብዙ ይናገራል። የተለመደ የታንክ ውስጥ ፓምፕ ከ4 እስከ 7 አምፔር አካባቢ ይስባል። ፓምፑ ድምፅ አሰምቶ ይህን ካሳየ ፓምፑም ወደ እሱ የሚሄደው ገመድም ደህና ናቸው፤ ፊትዎን ወደ ሪሌው ወይም ሪሌውን ወደሚያዘው የመኪናው ኮምፒውተር ያዙሩ። ዜሮ ካሳየ መስመሩ የሆነ ቦታ ተቆርጧል፣ ወይም የፓምፑ ካርቦን (ለሚዞረው ክፍል ኮረንቲ የሚያደርሰው) አልቋል። ከ10 በላይ ከወጣና ፓምፑ ካልዞረ ውስጡ ተጣብቆ ተይዟል ማለት ነው። 1 ወይም 2 አምፔር ብቻ ከሆነ ደግሞ የላላ ወይም የዛገ መገናኛ አለ፣ ካልሆነም ፓምፑ ያለ ነዳጅ በባዶው እየዞረ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ቁልፍ ኦን ተደርጎ ቮልት ሲለካ ነው። በብዙ መኪኖች ፓምፑ ቁልፍ ሲከፈት ለ2 ሰከንድ ያህል ሠርቶ ይቆማል። በቀድሞዎቹ ኮሮላና ቪትዞች ግን ፓምፑ የሚሠራው ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ሲያዞርና ኮምፒውተሩ የሞተሩን መዞር ሲያይ ነው። ስለዚህ ቁልፍ ኦን ላይ ዜሮ ቮልት ማግኘት ብልሽት አይደለም፤ አንድ ሰው ሞተሪኖ እያስነሳ ሌላው መለካት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ሞተር ክፍላቸው ውስጥ የምርመራ ሳጥን አላቸው፤ ቁልፉን ኦን አድርጎ «ፕላስ ቢ» እና «ኤፍፒ» የሚሉትን ቀዳዳዎች ማገናኘት ፓምፑን በቀጥታ ያስነሳዋል። ሪሌ መንቀልም አያስፈልግም።

የሜትሩ ቮልት ብቻውን ሊያታልል እንደሚችል ግን መታወቅ አለበት። ሜትር ከመስመሩ የሚስበው ኮረንቲ ከምንም አይቆጠርም፤ ስለዚህ በአንድ ክር ብቻ የተንጠለጠለ ገመድ እንኳ 12.3 ቮልት ያሳያል። ፓምፑ ሲገናኝ ያው መስመር ወደ 8 ወይም 9 ይወርዳል። ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን የፓምፑን ሶኬት ይዩት፦ አንደኛው ቀዳዳ ዙሪያ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ትንሽ ቀልጦ ከሆነ፣ ፒኑም ወርቃማነቱን አጥቶ ከጠቆረ፣ ቮልቱ የሚጠፋው እዚያ ነው። ፓምፑ እየሠራ ሜትሩን ቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን የፓምፑ ፖዘቲቭ ላይ ያድርጉ። ከ0.5 ቮልት በላይ ከታየ መስመሩ መፈተሽ አለበት። በግራውንዱ (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ በሚመለሰው) በኩል 0.2 እንኳ ብዙ ነው። አምፖሉን ከሜትሩ ጋር አብሬ የማስቀምጠው ለዚህ ነው፤ 1.75 አምፔር ስለሚስብ ደካማ ገመድ ወዲያው ይጋለጣል። ነገር ግን አምፖሉን ኮምፒውተሩ ሪሌውን በሚያዝበት ቀጭን ገመድ ላይ ፈጽሞ አያስነኩ፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ትራንዚስተር ሊያቃጥል ይችላል። እዚያ ሜትሩ ብቻ ይበቃል። ታንኩ ክፍት ከሆነም አጠገቡ ምንም ነገር አያገናኙ፣ ብልጭታ ይነሳልና።

አላርም ወይም ጂፒኤስ የተገጠመለት መኪና ከሆነ ከሁሉ በፊት ዳሽቦርድ ሥር ይመልከቱ። ገጣሚዎች መኪናውን ከርቀት ለማቆም የፓምፑን ገመድ ቆርጠው ሪሌ ይጨምሩበታል፤ ብዙ ጊዜ መገጣጠሚያው ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ብቻ ነው። ናስትሮው ሲሞቅ ይንሸራተታል፣ መዳቡ አረንጓዴ ይሆናል፣ ፓምፑም አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይጠፋል። በካውያ ተበይዶ በደንብ መሸፈን አለበት።

አሁን ወደ ሜትሩ ድክመት። ክላምፑ በአጠገቡ ባለ ማግኔት በቀላሉ ይታለላል፤ ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት ገመዱ ላይ ሊዘጋ ባለበት አቅጣጫ ይዘው ዜሮ ካላደረጉት 0.3 ወይም 0.4 አምፔር ከየትም ይመጣል። ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን አብረው ከዘጉበትም ውጤቱ ዜሮ ነው። ስክሪኑ ቁጥር የሚቀይረው ቀስ ብሎ ስለሆነ ቁልፍ ሲከፈት ፓምፑ የሚሠራውን የ2 ሰከንድ ሥራ በሚገባ አይዝም። ካርቦኑ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የተበላ፣ ታንኩን ሲመቱት የሚነሳ ፓምፕንም አይለይም፤ ለዚያ የኮረንቲውን ሞገድ በሥዕል የሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ ያስፈልጋል። ከሜትሩ ጋር የመጡት ገመዶች አጭርና ደረቅ ናቸው፤ ከባትሪው እስከ ኋላ ወንበር አይደርሱም። ቢያንስ 5 ሜትር ማራዘሚያ፣ ሁለት የአዞ መቆንጠጫና ሶኬትን ከጀርባው የሚገቡ ቀጭን መርፌዎች ለብቻ መግዛት ግድ ነው። የሜትሩ ባትሪ ሲደክምም ቁጥሩ መዛባት ይጀምራል፤ የባትሪ ምልክቱ ስክሪኑ ላይ ከታየ በኋላ የሚወጣውን ውጤት አይመኑ።